የእንቅልፍ ደመወዝ

እትዬ ሬሜዲዮስ የምሳ ዕቃውን ከፍተው ሚንዳ ጭን ላይ ያስቀምጡታል። ሩዝና በኮምጣጤ የተቀቀለ ዶሮ ነው። ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ባለው የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ኮሪደር ላይ ከሳሿም፣ ተከሳሿም፣ ምስክሯ እኔም አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረን ተራችንን እንጠብቃለን።

"ብዪ እንጂ" ይሏታል። "ቁርስ እንዳልቀመስሽ ፊትሽ ያስታውቃል። ብትከሺኝም መብላትሽ አይቀርም።"

"እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ" ትላለች ሚንዳ፤ ትበላለች።

እትዬ ሬሜዲዮስ አቅም ያጡ አዛውንቶች የሚጦሩበት ቤት አላቸው። እኛ ሠራተኞቹም እንደ እሳቸው ከፊሊፒንስ የመጣን ነን። ሚንዳን አውሮፕላን ማረፊያ ወጥተው የተቀበሏት እሳቸው ናቸው፤ እናቷ ስትሞትም የቀብሩን ወጪ ችለውላታል። ቀን ለሠራችው ከፍለዋል። ሌሊቱን ግን ከፍለው አያውቁም። የካሊፎርኒያ ሕግ ከመደበኛው ሰዓት በላይ ለሠራ ሰው ተጨማሪ ይከፈለው ይላል። ሚንዳ ይህን ሰምታ ስትጠይቃቸው፣ "ደሞ ቤተሰብ ትርፍ ሰዓት አለው?" ብለው ሳቁባት። ከከሰሰች ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከአጠገቧ የሚቀመጥ ጠፍቷል። እኛ ዘንድ ውለታ ቢስ ከመባል የሚብስ ስድብ የለም።

ስማችን ይጠራል፤ እንገባለን።

ጉዳዩን ሰምታ የምትወስነው የመሥሪያ ቤቱ ሴት መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላለች። የእትዬ ሬሜዲዮስ ጠበቃ ድምፁን ሳያነሳ ይናገራል። ቤቱ ውስጥ ለሠራተኛ የሚሆን አልጋ አለ፤ ሠራተኛዋ ሌሊቱን ስትተኛ ነው ያደረችው፤ እንቅልፍ ደግሞ ሥራ አይደለም ይላል። ከዚያ ወደ ሚንዳ ይዞራል።

"ሌሊት ይተኙ ነበር ወይስ አይተኙም?"

ትናንት ስንመክር፣ ዓይኔን ጨፍኜ አላውቅም በዪ ብያታለሁ።

"እተኛ ነበር" ትላለች ሚንዳ።

ጠበቃው ወንበሩን ይደገፋል። በቃ፣ አለቀልን ብዬ አንገቴን እደፋለሁ።

ሴትዮዋ ግን መነጽሯን ወደ ዓይኗ ታወርዳለች። "እስቲ እንዴት እንደሚተኙ ይንገሩኝ።"

"በክር ታስሬ ነው የምተኛው" ትላለች ሚንዳ። "ሃልቨርሰን የሚባሉ ሽማግሌ እጠብቅ ነበር። ሌሊት ይነሳሉ፤ ብቻቸውን ከቆሙ ይወድቃሉ። ስለዚህ የክሩን አንዱን ጫፍ የሌሊት ልብሳቸው እጅጌ ላይ፣ ሌላውን እኔ እጅ ላይ አስራለሁ። እሳቸው ሲንቀሳቀሱ ክሩ ይስበኛል፤ እነሳለሁ። አንዳንዴ ሽንት መጥቶባቸው ነው። አንዳንዴ የሞቱት ባለቤታቸው ጓዳ ያሉ እየመሰላቸው ሊጠሯቸው ነው። አባብዬ አስተኛቸዋለሁ፤ እኔም እተኛለሁ። ደሞ ይስበኛል።"

"እንዲህ እንዲያደርጉ ማን ነገረዎት?" ትላለች ሴትዮዋ።

ሚንዳ ዝም ትላለች። ማን እንደነገራት እኔም አውቃለሁ። በጠረጴዛው ስር እግሯን ነካ አደርጋታለሁ፤ እግሯን ትሰበስባለች። ያን ጊዜ ይገባኛል። ሚንዳ ሐቋን ልትወስድ እንጂ ሰው ልታሳጣ አልመጣችም።

"እኔ ነኝ" ይላሉ እትዬ ሬሜዲዮስ።

ጠበቃው ክንዳቸውን ይይዛል።

"ተወኝ፣ ልጄ። እኔ ነኝ ያሳየኋት። ክሩ ከጠበቀ እጅ ይቆርጣል፣ ከላላ ደሞ አይቀሰቅስም። አስተሳሰሩን ከእኔ ነው የተማረችው። እኔም ወደዚህ አገር የመጣሁ ጊዜ ሰው ቤት እንደዚሁ እየታሰርኩ ነው ያደርኩት።"

"ይከፈልዎት ነበር?"

"ማን ከፍሎኝ!" ትንሽ ይስቃሉ፤ ሳቁ ግን አፋቸው ላይ ይቀራል። "ሕግ እንዳለም የነገረኝ የለም።" ጣታቸውን ጠረጴዛው ላይ እያሻሹ ቆይተው ቀና ይላሉ። "ሃልቨርሰን እሷ እያለች አንድም ቀን አልወደቁም። ይኼንንም ጻፉልኝ።"

ጠበቃው ፋይሉን ይዘጋና ዕረፍት ይጠይቃል።

ከዕረፍቱ ስንመለስ ነገሩ ክርክር መሆኑ ቀርቷል፤ በአሠሪ ትእዛዝ ታስሮ ማደር ሥራ መሆኑን ጠበቃውም አይክድም። የሚንዳ ሌሊቶች ይከፈላሉ፤ የእኔም፣ ከእኛ ጋር የሠሩት የሌሎቹም። እትዬ ሬሜዲዮስ የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በአንድ ጊዜ ከከፈልኩ ቤቱ ይዘጋል፣ ከፋፍዬ ልክፈል።

ሁላችንም ሚንዳን እናያታለን።

"ከፋፍለው ይክፈሉ" ትላለች። "ቤቱ ከተዘጋ አዛውንቶቹ የት ይወድቃሉ?"

ፈርመን እንወጣለን። እትዬ ሬሜዲዮስ አሳንሰር ስለሚፈሩ ወደ ደረጃው ያቀናሉ። ጠበቃቸው ስልክ እያወራ ቀድሞ ወርዷል። አፋፉ ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ፤ ወደ ታች አይተው የብረቱን መደገፊያ ይጨብጣሉ።

ሚንዳ ቦርሳዋን ለእኔ ትሰጠኝና ታልፋቸዋለች። አንድ ደረጃ ወርዳ ፊቷን ወደ እሳቸው አዙራ ትቆማለች፤ አንድ እጇን በክርናቸው ስር፣ ሌላውን ሳይነካቸው ከወገባቸው አጠገብ ታደርጋለች።

"ገና አላረጀሁም እኮ" ይላሉ።

"አውቃለሁ፣ እትዬ።"

ለአፍታ ዓይን ለዓይን ይተያያሉ። ከዚያ እትዬ ሬሜዲዮስ መደገፊያውን ይለቃሉ፤ ክብደታቸውን ሁሉ እጇ ላይ ጥለው የመጀመሪያዋን ደረጃ ይወርዳሉ።