የተዛነፈችው አኃዝ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ሰው ፊት መናገር ስለምፈራ ብዙ ነገር እንደዋጥኩት ቀርቷል።

የምሠራው በአንድ የስሌት ክፍል ውስጥ ነበር። ኃላፊያችን የታወቁት በአንድ ሠንጠረዥ ነው፤ የመቶኛው ዲግሪ ኦርቶጎናል ፖሊኖሚያል ሥሮች፣ ማለትም ቀመሩን ዜሮ የሚያደርጉት ቁጥሮች፣ ከነጥብ በኋላ እስከ አሥራ አምስተኛው አኃዝ። እነዚህ ፖሊኖሚያሎች እያንዳንዳቸው ከሁለት ቀዳሚዎቻቸው ይወለዳሉ፤ መቶኛው ጋ ለመድረስ የግመል ትዕግሥት ይጠይቃል።

እዚያው ክፍል የምትሠራው ጓደኛዬ ያሳተመችው ጥናት ውስጥ ያው ሠንጠረዥ ተገኘ። አሥረኛው ሥር ላይ የመጨረሻዋ አኃዝ ስህተት ናት። በኃላፊያችን መጽሐፍ ላይም ያቺው ስህተት አለች።

ጓደኛዬ ሠንጠረዡን ሰርቃለች ተብሎ ኮሚቴ ተቀመጠ። እኔም በምስክርነት ተጠራሁ።

“ሆን ብዬ የቀበርኳት ወጥመድ ናት” አሉ ኃላፊያችን። “የሙያችን የቆየ ዘዴ ነው። የመጨረሻዋ አኃዝ በአንድ ትዛነፋለች፤ ስሌት አትጎዳም፣ ሌባ ግን ታስይዛለች። ሠንጠረዡን ብቻዬን ነው የሠራሁት። ይቺ እንኳ ያኔ ገና ረቂቄን በንጹሕ ትገለብጥልኝ ነበር።”

ወደ እኔ ጠቆሙ። አቀረቀርኩ።

ሰብሳቢዋ ወደ ጓደኛዬ ዞረች። “ከመጽሐፉ ካልወሰድሽ ከየት አመጣሽው?”

“ሰው ሰጠኝ።”

“ማን?”

“ስሜ እንዳይነሳ ብሎ የለመነኝ ሰው።”

“ከሥራ ልትባረሪ ነው እኮ!”

“ቃሌን ሰጥቻለሁ።”

ለእረፍት ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። “አንቺ ደግሞ ምን ያስለቅስሻል? ተባራሪዋ እኔ!”

ተመልሰን ስንቀመጥ እጄን አወጣሁ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም።

“ዶክተር፣ ሁለተኛዋንስ?”

“የቷን ሁለተኛ?”

“ሆን ብለው ያዛነፏትን። ሠላሳ አንደኛው ሥር ላይ ያለችውን።”

“እዚያ ምንም ስህተት የለም! ልጄ፣ የማታውቂው ነገር ውስጥ አትግቢ።”

ሰብሳቢዋ ኮምፒውተሩ ላይ አስላችና መነጽሯን አወለቀች። “አለ። በሁለቱም ሠንጠረዥ ላይ አለ።” ከዚያ ወደ ኃላፊያችን ዞራ “ወጥመድ የቀበረ ሰው ስንት እንደቀበረ አያውቅም?” አለቻቸው።

ኃላፊያችን ውሃ ጠየቁ።

ጓደኛዬ ከሥራዋ ሳትነቃነቅ ቀረች። እኔን “እንዴት አወቅሽ?” ብሎ የጠየቀኝ የለም። ቢጠይቁኝ “አስልቼ ነው” እል ነበር።

በማግስቱ ጠዋት የመቶ ሃምሳኛውን ዲግሪ ሠንጠረዥ ጀመርኩ፤ በዚህኛው ሦስት ቀበርኩ።