ያልደረቀ ታንኳ

«አንድ መስመር ኮድ ብቻ ናት አይደል?» ይላል ምናሴ፣ ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ። የተቀመጠው አባቴ ለታንኳ መሥሪያ ባሰረው የደንገል ነዶ ላይ ነው። አዲሱ ሱሪው የጣና ጭቃ ጠጥቷል፤ ደስ ብሎኛል።

«አንድ መስመር ናት» እለዋለሁ።

«ታንኳ» የተባለውን የስልክ ጨዋታ የጻፍሁት እኔ ነኝ። ዓመት ሙሉ አንድ ክፍል ውስጥ እኔ ኮድ ስጽፍ እሱ ስፖንሰር ሲያባብል ከረምን። አንድ ጠዋት ስመጣ የይለፍ ቃሉ ተቀይሮ ጠበቀኝ። በሳምንቱ ጨዋታው በእሱ ስም ወጣ፣ ከአገር ውስጥ ጨዋታዎች አንደኛ ሆነ። ባጃጅ ውስጥ፣ ባንክ ወረፋ ላይ፣ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ይቀዝፋል። ምናሴ ቴሌቪዥን ላይ ቀርቦ «ሐሳቡ የመጣልኝ ጣና ዳር ብቻዬን ተቀምጬ ነው» አለ። ብቻዬን! እራት አልበላ አለኝ ያን ቀን።

አሁን ተጫዋቹ በየቀኑ በሺህ እየሸሸ ነው። ጨዋታው ውስጥ አርባ ቀን የተቀዘፈ ታንኳ ሁሉ ይሰምጣል። ነገ ደግሞ ጨዋታውን ሊገዙ ሰዎች ከአዲስ አበባ ይመጣሉ።

«በሦስት ባለሙያ አስፈተሽሁ» ይላል። «ስሕተት የለበትም አሉኝ።»

«ስሕተትማ የለበትም። ዳሩን የት አደረስኸው?»

«የቱን ዳር?»

«ተጫዋቹ ቀዝፎ ሲጨርስ ታንኳውን ጎትቶ አውጥቶ ፀሐይ ላይ የሚያቆምበትን።»

«ውይ፣ እሱማ ያሰለቻል። አውጥቼ ማስታወቂያ አስገባሁበት።»

አባቴ ጥቂት ራቅ ብሎ ደንገል እያጠበቀ ነው፤ ጆሮው ግን እኛ ዘንድ ነው። «ልጄ፣ ደንገል እኮ ውሃ ይጠጣል» ይለዋል ቀና ሳይል። «ካላደረቅኸው በየቀኑ ይከብዳል። ከዚያማ ይዞህ ይወርዳል።»

ምናሴ ባሕር ዳር ተወልዶ ያደገ ነው። ዳር ላይ የቆሙ ታንኳዎችን መቶ ጊዜ ፎቶ አንስቷል። ለምን እንደቆሙ አንድ ቀን አልጠየቀም።

«ሔራን፣ ስምሽን አስገባለሁ» ይላል፣ ድምፁ ተሰብሮ። «ከእኔ ስም በፊት። ነገ አብረሽኝ ቁሚ። ካልሆነ አለቀልኝ።»

ይቺን ቀን ስጠብቃት ከርሜያለሁ። ስትመጣ እንዲህ ትጣፍጣለች ብዬ ግን አላሰብሁም።

«ብቻህን ቁም» አልሁት። «ብቻህን ተቀምጠህ አይደል ያሰብኸው?»

ላፕቶፑን አጥፎ ተነሣ። አባቴን «ደኅና ይዋሉ» ብሎ ጭቃውን እየዘለለ ወደ አስፋልቱ ሄደ።

አባቴ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ አጠገቤ ተቀመጠ። «እስቲ እኔም ልየው፣ አገር ያበደበትን።»

እስከ ዛሬ አሳይቼው አላውቅም፤ ንዴቴ አልፈቀደልኝም። ስልኬ ላይ ከፈትሁለት። ቀዛፊው ባርኔጣ አድርጓል፣ ግራ ትከሻው ዘንበል ያለ ነው። ሥራ ላይ ሳለ አይቼ ነበር የሣልሁት።

«ይሄማ እኔ ነኝ» አለና ሳቀ።

የእኔም ታንኳ አርባ ቀን እንደሞላው ያስታወስሁት ያን ጊዜ ነው። ውሃው ወደ ውስጥ ገባ። መጀመሪያ የቀዛፊውን እግር፣ ቀጥሎ ወገቡን ዋጠው። አባቴ ሳቁን ተወ። አውራ ጣቱን መስታወቱ ላይ አድርጎ ታንኳውን ወደ ግራ ጎተተ፣ ድሮ ዳር ወደነበረበት። እዚያ አሁን የሳሙና ማስታወቂያ ነው ያለው።

«የት ነው የማወጣው?» አለኝ።

ምናሴ አስፋልቱ ዳር ቆሞ ባጃጅ ይጠብቃል፤ ብጠራው ይሰማኛል። አልጠራሁትም። አባቴ ስልኩን በአንድ እጁ ጨብጦ፣ ውሃው ባርኔጣው ላይ ደርሶ፣ አሁንም ይጎትታል።