ሚዛኑ ላይ ማንም የለም

ባዶው ሚዛን ሦስት ኪሎ ያሳያል። ከዚያ አንድ፣ ከዚያ አምስት። ወፍጮውን የሚያዞረው ትልቁ ሞተር በተነሣ ቁጥር ቁጥሮቹ እንደ ተነካ የንብ ቀፎ ይተራመሳሉ።

«አየሽልኝ እታለም?» ትላለች መዛኟ። አፏ ስለማያርፍ የዱቄት ፋብሪካው ሰው ሁሉ ማይክ ይላታል። ሚዛኑ ሥር በተንበረከከችው ኤሌክትሪክ ጠጋኝ ፊት ሁለት እጆቿን እንደ ተማረከ ወታደር ወደ ላይ አንሥታለች። «እጄም እዚህ፣ እግሬም እዚህ። ሰይጣን ቁርሱን በልቶ ወጥቶበት ካልሆነ እኔ የለሁበትም!»

«ሰይጣንስ ያንቺን ወሬ ችሎ እዚህ አይቀመጥም» ይላል የፈረቃው ኃላፊ። ከዚያ ወደ ኤሌክትሪክ ጠጋኟ ዞሮ ድምፁን ይቀንሳል። «ጆንያው ጎዶሎ ነው እየተባለ ይመለስብናል። ዛሬ ካልታረመ ሚዛኑን አስነቅለዋለሁ። እሷም ወደ ጭነት ትሄዳለች፤ ሌላ ቦታ የለኝም።»

ማይክ ትስቃለች፤ ሳቋ ከጥርሷ አያልፍም። ወገቧ ጆንያ መሸከም እንደማይችል ሦስቱም ያውቃሉ።

ጠጋኟ ከተንበረከከችበት ትነሣለች። የሚዛኑን ገመድ ለውጣለች፣ ወደ መሬት የሚወርደውን ሽቦ ፈትሻለች፣ ብሎኖቹን ሁሉ አጥብቃለች። ያልተከፈተ የቀረው ግድግዳው ላይ ያለው ግራጫ ሳጥን ብቻ ነው። ውስጡ ፊልተር አለ፤ ከሞተሩ የሚመጣውን ረብሻ ከመብራቱ መስመር ላይ አጣርቶ ለሚዛኑ ንጹሕ ኃይል የሚሰጥ። ያስገባው ባሏ ነው። ከዚያ በኋላ ሌላ ሥራ አልሠራም።

«እሱን እንኳ ተይው» ይላል ኃላፊው ዓይኗን ተከትሎ። «ነፍሱን ይማረውና፣ የእሱን እጅ አናውቀውም? እሱ የነካውን አቧራም አይደፍረው።»

«ልክ ነህ» ትላለች።

ካቻቢቴውን ግን ከቱታዋ ኪስ ታወጣለች።

የሳጥኑ ውስጥ እንደ ተበጠረ ፀጉር ነው። አንድም ሽቦ ከመስመሩ አልወጣም። ፕላስቲክ ማሰሪያ አይወድም ነበር፤ በሰም በታሸ ክር ነው ያሰራቸው፤ የክሩ ጫፍ ወደ ውስጥ ተመልሶ በቋጠሮው ሥር ተደብቋል። የቤታቸውን መጋረጃ፣ የተሰበረውን ጃንጥላ፣ የልጃቸውን ቦርሳ ማንገቻ እንዲህ ነበር የሚያስረው። አንዱንም እስካሁን አልፈታችም።

ችግሩን ወዲያው ታየዋለች። ወደ ፊልተሩ የሚገባውና ከፊልተሩ የሚወጣው ሽቦ ጎን ለጎን ተኝተዋል፤ ባንድ አልጋ እንደሚያድሩ ወንድማማቾች፣ ከላይ እስከ ታች አንድ ላይ ታስረዋል። ፊልተሩ ኃይሉን ያጠራዋል፤ ረብሻው ከአንዱ ሽቦ ወደ ሌላው ዘሎ ተመልሶ ያቆሽሸዋል። እንዲያምር ብሎ ነው። ሥርዓት የሚወድ ሰው የሚሠራው ስሕተት ነው።

አንድ ነገር እንዲሰማት ትጠብቃለች። የሚሰማት ካቻቢቴው መዳፏን መቆርቆሩ ነው።

«ምን ተገኘ?» ይላል ኃላፊው ከኋላዋ።

ፊልተሩ አርጅቷል ብትል ማንም አይጠይቃትም። ሌላ ይታዘዛል። እስኪመጣ ሚዛኑ ይነቀላል፣ ማይክም ጆንያ ትሸከማለች። ሳጥኑም እንደ ነበረ ይዘጋል።

«ሽቦዎቹ አንድ ላይ ታስረዋል» ትላለች። «መለያየት አለባቸው።»

«ማነው ደግሞ እንዲህ ያሰራቸው?» ይልና ከንፈሩን ይነክሳል።

«እሱ ነው።»

ኃይሉን ታጠፋለች። ወፍጮው ዝም ይላል። የመጀመሪያውን ቋጠሮ በጥፍሯ ትሞክረዋለች፤ አይላወስም። ድሮም የእሱን ቋጠሮ የሚፈታው ራሱ ነበር። ፒንሳውን ታነሣና ትቆርጠዋለች። ከዚያ ቀጣዩን፣ ከዚያ ቀጣዩን።

የሚገባውን ሽቦ ወደ ሳጥኑ ግራ ግድግዳ፣ የሚወጣውን ወደ ቀኙ ትስባለች። ለረጅም ጊዜ አብረው ስለታሰሩ መታጠፉን ለምደውታል፤ ስትለቃቸው ተመልሰው ይቀራረባሉ። ለየብቻ ከግድግዳው ጋር በብሎን ታስራቸዋለች። አያምርም። ሳጥኑን ትዘጋለች።

«አስነሣው» ትላለች።

ሞተሩ ይነሣል። ወለሉ ከእግራቸው ሥር ይንቀጠቀጣል። ሦስቱም ሚዛኑን ያያሉ።

ዜሮ።

«ወረደልኝ! ሰይጣኑ ወረደልኝ!» ማይክ ከኋላ መጥታ ትጠመጠምባታለች፤ ሰውነቷ ሁሉ ዱቄት ዱቄት ይላል። «እጅሽ ይባረክ፣ የኔ እናት! ወገቤን አተረፍሽልኝ!»

ኃላፊው ባርኔጣውን አውልቆ መልሶ ያደርገዋል። «እንግዲህ... ሥራ እንጀምር» ብሎ ሠራተኞቹን ሊጠራ ይሄዳል።

የተቆረጡት ክሮች መዳፏ ውስጥ ናቸው። ቋጠሮዎቹ አልተፈቱም፤ የተቆረጠው ከጎናቸው ነው። የት እንደምታደርጋቸው አታውቅም። የቆሻሻው በርሜል ቅርብ ነው፤ ኪሷም ቅርብ ነው። ጎንበስ ብላ ሚዛኑ ላይ ታስቀምጣቸዋለች።

«እታለም፣ ልጥረግልሽ?» ትላለች ማይክ የመጀመሪያውን ጆንያ እየጎተተች።

«ቆይ» ትላለች።

ሞተሩ ይዞራል። ቁጥሩ ዜሮ ላይ ነው፤ አይነቃነቅም።