ስምንቱ ብሎኖች

«ጋሼ፣ በቃ ዌልድ አድርገው» አለችኝ ኑሃሚን፣ እኔ በክሪክ ከተነሳው የአባቷ መኪና ሥር ተንጋልዬ እያለሁ።

ወጣሁ። ቅዳሜ ጠዋት እዚህ ሊልበርን ከተማ ባለው ጋራዤ ውስጥ ከሰው ጋር መከራከር አልወድም፤ ከሟች ጓደኛዬ ልጅ ጋር ደግሞ ጭራሽ። የብየዳ ነገር ሲነሳ ግን ዝም ማለት አልችልም። ይህ የስልሳ ሰባት ሞዴል ሙስታንግ እንደ ጭነት መኪና ራሱን የቻለ ሻንሲ የለውም። ፊቱንና ኋላውን የሚያያይዘው የወለሉ ቆርቆሮ ብቻ ነው። ስለዚህ ወገቡ እንዳይላላ ከሥሩ ሁለት የብረት ዘንግ ይገባለታል፤ ዘንጉም ወይ ይበየዳል ወይ በብሎን ይታሰራል። እኔ የብሎን ሰው ነኝ። ብሎን ይፈታል፤ የተበየደ ግን እንደ ቁርባን ጋብቻ ነው፣ መመለሻ የለውም።

ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት ለአባቷ ለሕሩይ በስምንት ብሎን ያሰርኩለት እኔው ነኝ። ያን ሳምንት የመኪና ማንሻ ገዝቼ ነበርና መጀመሪያ የተሰቀለበት የእሱ ሙስታንግ ነው። መሃል ከተማ በፓርኪንግ ሠራተኝነት የሰው መኪና ስናቆም ስንት ዓመት አብረን የኖርን ሰዎች፣ የራሱ መኪና በራሴ ማንሻ ከፍ ሲል ሕሩይ እንደ ልጅ አጨበጨበ። እኔም ከሥሩ ቆሜ እየተኩራራሁ ብሎኖቹን አጠበቅኩ። እንዲያ ያለ ደስታ ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

የቀኝ በሩ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ከፍ ካላደረጉት አይዘጋም። ማጠፊያው አርጅቷል ብዬ ሁለት ጊዜ ቀየርኩለት። ሁለቴም አመስግኖኝ ሄደ፤ ሁለቴም በሩ ያው ነው።

ነገ የሕሩይ ሙት ዓመት ነው። ሚስቱ የሺእመቤት፣ በእሱ መኪና፣ በለመድኩት ወንበር ካልሆነ ቤተ ክርስቲያን አልሄድም ብላለች። ትከሻዋን ኦፕራሲዮን ከሆነች ወዲህ ደግሞ ያን በር ማንሳት አትችልም። አሁን ጋራዡ ደጃፍ ላይ፣ ታጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጣ ታየናለች።

ብሎን ይበቃል፣ ማጠፊያውን አንድ ጊዜ ልቀይረው ብዬ ስሟገት ኑሃሚን ወደ እናቷ ዞር ብላ አየች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ፕሮብሌሙ ማጠፊያው አይደለም ጋሼ። ልጅ ሆኜ አባዬ ዱሉዝ ከተማ አንድ የመካኒክ ሾፕ ይዞኝ ሄዶ ነበር። ሰውዬው ብሎኖቹ የታሰሩት መኪናው ሊፍት ላይ ተንጠልጥሎ እያለ ነው አለው። ላይክ፣ ወገቡ እንደጎበጠ ሎክ ሆነ። ጎማው ላይ አቁሞ ማላላትና መልሶ ማጥበቅ ነው፣ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም አለው።»

«ከዚያስ?»

«አባዬ እምቢ አለ። የሠራልኝ ዳኛቸው ነው፣ ከሰማ ያፍራል አለ። እንዳትነግሪው ብሎ አስማለኝ። ዌልድ አድርገው ያልኩህ ሳልነግርህ ብሎኖቹን እንድትፈታቸው ብዬ ነው።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ አፈሰስኩ፣ ሲለቅም የኖረው ሕሩይ ነው። ማጠፊያውን ስቀይር አጠገቤ ቁጭ ብሎ፣ ሁሉን እያወቀ፣ እጅህ ይባረክ ብሎኛል። እንዲህ ያለ ይሉኝታ! ተናደድኩበት። ወዲያው ደግሞ ናፈቀኝ፤ ንዴቴን የምወጣበት እሱ የለም።

ክሪኩን አወጣንና መኪናውን በአራት ጎማው መወጣጫ ላይ አቆምነው። ተመልሼ ገባሁና ብሎኖቹን አንድ በአንድ አላላሁ። ስድስተኛው ላይ ወለሉ ቋ አለ።

«ጋሼ፣ በሩ ተነሳ» አለች ኑሃሚን ከላይ።

ስምንቱንም መልሼ አጠበቅኩ። ከዚያ የብየዳ መነጽሬን አነሳሁ። ተሸንፌያለሁ፤ ልጅቷ እንዳለችው ይበየድና የኔ ስህተት ዳግመኛ አይመለስ።

ይህን ጊዜ የሺእመቤት ተነስታ መጣች። ከመበየዱ በፊት ልሞክረው አለች። ገብታ ወንበሯ ላይ ተቀመጠችና በሩን በደህናው እጇ ሳብ አደረገችው። ጠቅ ብሎ ተዘጋ። ከፈተችው፣ ደግማ ዘጋችው። ደስ ይላታል ብዬ ስጠብቅ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ጎንበስ አልኩና ጥፋቱ የኔ እንደሆነ፣ ያኔ መኪናውን ሰቅዬ ማሰር እንዳልነበረብኝ ነገርኳት። ይቅርታ ልላት ስል አላስጨረሰችኝም።

«አንተ ባትሳሳት ኖሮ ዳኛቸው፣ ይህን በር ራሴው እዘጋው ነበር» አለች። «አሥራ ሰባት ዓመት ዞሮ እየመጣ የዘጋልኝ እሱ ነው። ዝናብም ቢሆን፣ ተኳርፈንም ቢሆን። እጄ ላይ እንዳይዘጋው ጎንበስ ብሎ ‹እጅሽን› ይለኝ ነበር።»

የበሩን ጠርዝ በጣቷ ዳበስ አደረገች። ቆይታ፣ ከተበየደ መመለሻ የለውም ወይ ብላ ጠየቀችኝ። የለውም አልኳት። እንግዲያው ሕሩይ እንደተወው በብሎኑ ይቆይ አለች።

መነጽሬን ሚስማሩ ላይ መልሼ ሰቀልኩት። ኑሃሚን በሾፌሩ በኩል ገብታ ሞተሩን አስነሳች። እናቷ የራሷን በር ከፈት አድርጋ እንደያዘች ወደ ፊት ታያለች፣ ለመዝጋት አልቸኮለችም። ኑሃሚን ይህን አየች። ወረደችና በመኪናው አፍንጫ በኩል ዞራ መጣች። ጎንበስ ብላ ማንሳት የማያስፈልገውን በር በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ ያዘችው።

«እማዬ፣ እጅሽን» አለች።

የሺእመቤት እጇን ወደ ጭኗ ሰበሰበች።