ያልሳቀች ጥርስ

«ሚስቴ ስታስነጥስ…» ይላል መድረኩ ላይ ያለው ሰው፤ እንደ ልማዱ ቆም ብሎ ሳቅ ይጠብቃል። ማንም አይስቅም።

እኔም አልሳቅሁም። ግራ የገባኝ ይሄ ነው። ይህን ቀልድ ከስልኬ ስሰማ ስንቴ ሆዴን ይዤ እንደተንፈራፈርኩ አጠገቤ የተቀመጠችው ባለቤቴ ትመስክር። «የቤታችን ግድግዳ ስስ ነው፤ ሚስቴ ስታስነጥስ ‹ይማርሽ› የሚላት ጎረቤቱ ነው።» በቃ፣ ቀልዱ ይኸው ነው። ሌላ ጊዜ ሰው ጎረቤቱ ጋ እንኳ አይደርስም፤ ገና «ስታስነጥስ» ሲል አዳራሹ ይፈርሳል።

ዛሬ ጎረቤቱም መጣ፣ ሄደም። ከኋላችን አንድ ሰው ያስላል።

ባለቤቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ትላለች። «አሞታል እንዴ?»

«ማይኩ ነው መሰለኝ።»

«ማይኩ ምን ሆነ? ጥርት አድርጎ ያሰማል እኮ!»

እውነቷን ነው፤ ጥርት ብሎ ይሰማል።

ሰውዬውን ሁሉም የሚያውቀው «ወላቃው» በሚለው ስሙ ነው። ከፊት ጥርሶቹ አንዷ የለችም። አልነበረችም ልበል እንጂ፤ አሁን አለች። የሠራኋት እኔ ነኝ።

ጥርስ ሠሪ ነኝ። ባለፈው ሰሞን የምሠራበት ክሊኒክ ድረስ መጣ። «ልጄን ልድር ነው ወንድሜ፣ ፎቶ ላይ አፌን ገጥሜ እንዳልታይባት» አለኝ። እንደዚያች ጥርስ የተጨነቅኩባት ሥራ የለችኝም። መጀመሪያ ቅርጿን በሰም ቀረጽኩ፣ አፈረስኩ፣ ደግሜ ቀረጽኩ። ከጎረቤቶቿ ጋር ቀለሟን ለማስተያየት ሰውዬውን መስኮት ዳር አቁሜ አፉን አስከፈትኩት። ከገጠምኩለት በኋላ አየር ታሾልክ እንደሆነ ለማወቅ ታካሚን ሁሉ የማስብለውን አስባልኩት።

«ስልሳ ስድስት ይበሉ።»

«ስልሳ ስድስት።»

አንዲት ፉጨት እንኳ አልሾለከችም። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ጥርሷ ተነቃይ ናትና፣ ሲተኛ በአውራ ጣቱ ወደ ታች ገፋ አድርጎ እንዴት እንደሚያወልቃት በራሴ አፍ አሳየሁት። አቅፎ ሳመኝ፤ የዛሬውን የመግቢያ ትኬትም ለእኔና ለባለቤቴ የሰጠን እሱ ነው።

አሁን ሌላ ቀልድ ጀምሯል፣ የሶፋውን። ይህኛውንም በቃሌ አውቀዋለሁ። ዓይኔን ጨፍኜ ከስልኬ እንደምሰማው ላዳምጠው እሞክራለሁ። «ሶፋ» ይላል፣ «ሳሎን» ይላል፣ «ስድስት ሰው» ይላል። ዜና የሚያነብ ነው የሚመስለው።

ዓይኔን እገልጣለሁ። ፉጨቱ የለም! «ስታስነጥስ» ሲል እንደ ፈላ ማንቆርቆሪያ የምትጮኸው ፉጨት። ቀዳዳዋን የደፈንኩት እኔ። ኩል እኩላለሁ ብዬ ዓይን አጠፋሁ ማለት ነው?

ግን ሰው የሚያስቀው በቀዳዳው ነው እንዴ? ቀልዱ ያው፣ ሰውዬው ያው። ያን ሁሉ ዓመት ምኑ ነበር ያሳቀኝ?

ከፊታችን ያሉት ባልና ሚስት ኮታቸውን ይለብሳሉ። ወላቃው ያያቸዋል። ግንባሩ በላብ ርሷል። ዓይኑ ከረድፍ ረድፍ ሲንከራተት ይቆይና እኔ ላይ ያርፋል። እየለመነኝ ይሁን እየረገመኝ አይገባኝም። ምላሱ ከከንፈሩ ስር ያቺኑ ጥርስ ሲነካካ ግን አያለሁ።

በሕይወቴ እንደ እሷ ያማረች ጥርስ አልሠራሁም። ያሳዝነኛል። እሱም ያሳዝነኛል።

እጄ ሳላዘው ወደ አፌ ይሄዳል። አውራ ጣቴ የፊት ጥርሴን ወደ ታች ገፋ ያደርጋል።

«አንተ፣ ምን እያደረግህ ነው?» ትላለች ባለቤቴ።

«እኔ አላውቅም» እላታለሁ፤ እውነቴን ነው።

ወላቃው ጀርባውን ይሰጠናል። ሲዞር ከውሃ ብርጭቆው አጠገብ አንድ ትንሽ ነገር ያስቀምጣል። ማይኩን ወደ አፉ ያስጠጋና እኔኑ እያየ፣

«ስልሳ ስድስት» ይላል።

ፉጨቷ አዳራሹን ከዳር እስከ ዳር ታቋርጠዋለች። ሕዝቡ ይፈነዳል። ኮት የለበሱት ባልና ሚስት ተመልሰው ይቀመጣሉ። ስልሳ ስድስት ምኑ እንደሚያስቅ የሚያውቅ አንድ ሰው የለም፤ ባለቤቴ ግን ትከሻዬ ላይ ተደፍታ እንባዋን ትጠርጋለች።

«ስልሳ ስድስት ምንድን ነው? ንገረኝ እንጂ!»

መንገሩ አቅቶኛል፤ እኔም እየተንፈራፈርኩ ነው። ዓይኔ ግን ከብርጭቆው አጠገብ አልነሳ ይለኛል። መብራቱ አርፎባታል። ከዚህ ሆኜ እንኳ ቀለሟ ያምራል። በዚህ ሁሉ አዳራሽ ያልሳቀች ጥርስ እሷ ብቻ ናት።