የማስታጠቢያው ውሃ

አዲስ አበባ ውስጥ የከተማው ውሃ መጀመሪያ ለበረዶ መንሸራተቻው አዳራሽ ይሁን ከተባለ ወዲህ፣ ሰው ማዕድ ሲቀርብ እጁን በእርጥብ ጨርቅ ጠራርጎ ይቀመጣል፤ ውሃ ማፍሰስ ያሳስራል። የደምሰው ልጅ ውብርስት ማስታጠቢያ ምን እንደሚሠራ እንኳ አታውቅም።

ዛሬ እሷን የጠየቁት ሽማግሌዎች እሺታውን ሰምተው፣ መርቀው፣ ለምሳ ተቀምጠዋል። የሙሽራው አጎት ኢንጂነር መክብብም አሉበት። አዳራሹ ሲሠራ የደምሰውን ግቢ ከነምንጩ የወሰዱት እሳቸው ናቸው፤ መንገድ ላይ ቆሞ ሲለምናቸው የመኪናቸውን መስታወት እንኳ አላወረዱለትም።

ደምሰው የአባቱን ማስታጠቢያ ይዞ ከጓዳ ወጣ። ሳፋውን ሆን ብሎ ትቶታል።

"አባዬ፣ ተው! ያሳስሩሃል!" አለች ውብርስት።

"ይሰሩኝ! እንግዳ በጨርቅ አስጠርጌ ልጄን አልድርም።"

ኢንጂነሩ ሳያስቡት እጃቸውን ዘረጉ። ውሃው ሲነካቸው ክው አሉ። በዚህ ሐሩር እንዲህ የሚቀዘቅዝ ውሃ ከየት እንደሚመጣ ያውቃሉ።

"ደምሰው፣ ይሄ የአዳራሹ በረዶ ነው!"

"የምንጬ ውሃ ነው። በፌስታል ቋጥሬ አመጣሁት። ፖሊስ ይጥሩ፤ ስልኩ ብቻ እንዳያሟልጭዎት።"

ሌላው ሽማግሌ ውሃው መሬት ላይ ሲወርድ አይተው ኩባያ ሊደቅኑ ተነሡ።

"ተዉት፣ ይፍሰስ! ቤቴ ነው!" አለ ደምሰው።

ኢንጂነሩ እርጥብ መዳፋቸውን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ እጅጌያቸውን እስከ ክርናቸው ሰበሰቡ። "እስቲ ጨምርልኝ" አሉ ቀስ ብለው።

ደምሰው ማስታጠቢያውን ቀና አድርጎ ውሃውን አቆመው።

"ልጄን ለምናችሁኝ ሰጠኋችሁ። ውሃዬንም ይለምኑኝ።"