ለጌም ኩባንያ የተላኩ ሽማግሌዎች

ሐሙስ፣ ጥር 9 ቀን 2016፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ሦስት ሽማግሌዎች ደሴ ሆጤ ሰፈር ባለው ቤት ከኢንሻራህ ኮምፒውተር ፊት ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመው ነበር። ኢንሻራህ በአንድ የመኪና መንዳት ጌም ላይ ከኮምቦልቻ ደሴ የሚያወጣውን ዳገትና የሟች አባቷን ከባድ መኪና ከነክላክሱ ሠርታ ጨምራለች። ክላክሱን የቀዳችው አባቷ በሕይወት ሳለ ነው፤ በተሰማ ቁጥር እናቷ የግቢውን በር ልትከፍት ትነሣለች። የጌሙ ኩባንያ ግን «ያለ ፈቃድ የመኪናውን አምራች አርማ ለጥፈሻል፤ ሙሉውን እናጠፋዋለን» ብሎ ጻፈላት። አጎቷ ሙሄዲን ሁለት ሽማግሌ ሰብስበው ራሳቸው ሦስተኛ ሆኑ።

«መጀመሪያ አሰላሙ አለይኩም በይ። ልጅቷ አጥፍታለች፣ ለአባቷ ስትሉ አውፍ በሏት በይ» አሏት ሙሄዲን። በእንግሊዝኛ ጽፋ ላከችው።

«በሉ እንግዲህ ተቀመጡ።»

«ወላሂ አንቀመጥም! ሽማግሌ እሺ ሳይባል ተቀምጦ ያውቃል?»

«መልሱ እኮ ሳምንት ሊፈጅ ይችላል፣ አጎቴ።»

«እንቆማለና!» አሉ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሼህ ዑዘይር፣ ግድግዳውን ይዘው።

ወዲያው ኮምፒውተሩ ጮኸ። «መልእክትዎ ደርሶናል፤ በአምስት የሥራ ቀናት ውስጥ እንመልሳለን» ይላል፣ ለሁሉም ሰው በራሱ የሚላከው መልስ። ኢንሻራህ የሼህ ዑዘይርን የሚንቀጠቀጥ ጉልበት አየች።

«ምን አሉ?»

«ቁጭ በሉ አሉ።»

«አልሐምዱሊላህ! አደብ ያላቸው ሰዎች ናቸው» አሉና ሦስቱም እኩል ተቀመጡ።

ትክክለኛው መልስ በሳምንቱ ሐሙስ መጣ። አርማው ተነሣ፤ ክላክሱ አልተነካም።